መቶ ጊዜ የሚገድል ጌም እና «ጌም በላው» የተባለው ልጅ

ዛሬ ስለ ስኳርም ስለ ጨጓራም አላወራም። ስለ ጌም ነው የማወራችሁ። «ዶክተሩን ዛሬ ምን ነካው?» እንዳትሉ፣ ትንሽ ታገሱኝ። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ኮንትሮለር ይዞ ከቴሌቪዥን ጋር የሚጣላ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል ካለ ይህችን ጽሑፍ ለእናንተ ብዬ ነው የጻፍኳት። ረዘም ትላለች፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቧት።

ጊዜው መጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው። አንዲት እናት የ19 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። (ታሪኩን የማወራው በልጁ ፈቃድ ነው፤ ማንነቱን የሚያሳውቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።) ልጁ የሹራቡን ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ስቦ መሬት መሬት ያያል። የሚናገሩት እናቱ ናቸው።

«ዶክተር፣ ልጄን ጌም በላብኝ» አሉኝ። «ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ከአጋንንት ጋር ሲታገል ያድራል። የሆነ ሰይጣን የመሰለ ነገር ይመጣና ይገድለዋል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ በቀይ ይጻፍበታል፣ ይሳደባል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። እህል አይቀምስም። ጸበልም ወስጄው ነበር። ያን ዕቃ ከአሜሪካ የላከለት አጎቱ ነው፣ እጁን ይቁረጠውና!»

ልጁን ስጠይቀው «ልቤ ይመታል፣ ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። መረመርኩት። ግፊቱ ደህና ነው። የልብ ምርመራው፣ ኢሲጂው፣ ደህና ነው። የደም ማነስ የለም፣ የታይሮይድ ሆርሞኑም ልክ ነው። ክብደቱ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ 8 ኪሎ ቀንሷል።

«የምትጫወተው ጌም ማን ይባላል?» አልኩት።

«ኤልደን ሪንግ» አለ፣ ሊሰማ በማይችል ድምፅ።

«ማለኒያ ጋ ደርሰሃል?»

ቀና አለ። ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ታውቃታለህ እንዴ?!» አለኝ፤ ወዲያው ደነገጠና «ይቅርታ ዶክተር፣ ያውቋታል እንዴ?»

እናቱ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩ። «ማናት ደግሞ ማለኒያ? ሴት ናት እንዴ እንዲህ ያደረገችው?»

ለማታውቁት ላስረዳ። ኤልደን ሪንግ ፍሮምሶፍትዌር የሚባል የጃፓን ኩባንያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ያወጣው ጌም ነው። እኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ እንደምናውቀው የኳስ ጨዋታ አይደለም። አንድ ምስኪን ተዋጊ ትሆኑና በፈራረሰ ዓለም ውስጥ ብቻችሁን ትንከራተታላችሁ። ካርታው ሰፊ ነው፣ ጠላቱ በሁለት ምት ይገድላችኋል። ገና ሜዳው ላይ እንደወጣችሁ በወርቅ ጥሩር የተሸፈነ ፈረሰኛ ወዲያ ወዲህ ሲል ታያላችሁ። ጀማሪ ሁሉ «የመጀመሪያው ጠላት ነው፣ ቀላል መሆን አለበት» ብሎ ይጠጋዋል። ይሞታል። እንደገና ይጠጋዋል። ይሞታል። መፍትሔው ምን መሰላችሁ? ዞር ብሎ መሄድና ሲጠነክሩ መመለስ ነው። ይህን ግን ማንም አይነግራችሁም።

ስትሞቱ ያጠራቀማችሁት ሩን የሚባል ሀብት የወደቃችሁበት ቦታ ላይ ይቀራል። ሳትሞቱ እዚያ ከደረሳችሁ ትወስዱታላችሁ፤ መንገድ ላይ ድጋሚ ከሞታችሁ ለዘለዓለም ጠፋ። ማለኒያ ደግሞ የዚህ ጌም ዋናዋ መከራ ናት። በመታቻችሁ ቁጥር የራሷ ቁስል ይድናል፤ በጋሻ ብትመክቷት እንኳን ይድናል! እንደምንም ገደልኳት ስትሉ ደግሞ ክንፍ አውጥታ ሁለተኛ ትነሳለች። እሷን ሳይገጥሙ ጌሙን መጨረስ ይቻላል፤ ግዴታ አይደለችም። ሆኖም በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ፈልጎ፣ ተጉዞ፣ ሄዶ ይሞትባታል።

እዚህ ላይ «ይህ መዝናኛ ነው ወይስ ቅጣት?» ማለት ተገቢ ነው። ነገሩ መጀመሪያ ላይም ሰውን ግራ አጋብቶ ነበር። የዚህ ዓይነት ጌም መነሻው ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ዲመንስ ሶልስ ነው። ሶልስ መሰል የሚባለው ስያሜም የመጣው ከእነዚህ ጌሞች ስም ነው። ያኔ ከሶኒ ትልልቅ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ሹሄይ ዮሺዳ ሁለት ሰዓት ያህል ሞክሮት ገና ከመጀመሪያው ቦታ ሳይነቃነቅ ቀረና በጣም መጥፎ ጌም ነው ብሎ እንደነበር በኋላ ራሱ በይፋ ተናግሯል። ሶኒም ከእስያ ውጭ ሳያወጣው ቀረ፤ አሜሪካ ላይ ሌላ አሳታሚ ነው ያወጣው። ከዚያ ወሬው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። «እስቲ ሞክረው፣ ጉድ ነው» እየተባለ፣ ልክ እንደኛ የቀበሌ ወሬ። በ2011 ዳርክ ሶልስ መጣ። ኤልደን ሪንግ ላይ ሲደርስ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከ12 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጠ፣ በዓመቱ 20 ሚሊዮን አለፈ፣ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎም ተሸለመ። ሰው ለመሞት ተሰልፎ ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው።

እንደ ሐኪም ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲገርመኝ ኖሯል። መውደቅን እኮ አንጎላችን አይወድም። ታዲያ እዚህ ምን ተለየ? እኔም በትርፍ ጊዜዬ ተጫውቼዋለሁ (ማርጊት የሚባለው የመጀመሪያው ትልቅ ጠላት ላይ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቼ አልነግራችሁም)፤ የታዘብኩት ይህን ነው። ስትሞቱ አብዛኛውን ጊዜ ለምን እንደሞታችሁ ታውቃላችሁ፦ ቸኮላችሁ፣ ሰሳችሁ፣ አንዴ ልጨምር ብላችሁ ተመታችሁ። እንደገና ለመጀመር ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። እጃችሁ የተማረው ደግሞ አይጠፋም፤ ሩኑ ቢጠፋ ትምህርቱ ይቀራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ይሞታል! ማለኒያ አርባ ጊዜ የገደለችው ተጫዋች «እኔ ደደብ ነኝ» ብሎ አያለቅስም። «እሷ ከባድ ናት» ይላል፣ ጓደኛውም «እኔን ስልሳ ጊዜ ገድላኛለች» ይለዋል፣ ይስቃሉ። ሞቱ የጋራ ስለሆነ አያሳፍርም።

ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ልጁ ስመለስ እፈልገዋለሁ።

ያ ማለት ግን ተጫዋቹ ሁሉ በክብደቱ ተስማምቷል ማለት አይደለም። በ2019 ሴኪሮ የሚባለው የዚሁ ኩባንያ ጌም ሲወጣ ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። ሴኪሮ ውስጥ ጓደኛ ጠርቶ መታገዝ የለም፣ ቀለል የሚያደርግ ምርጫም የለም። አንዱ ወገን «ገንዘቤን ከፍዬ ግማሹን ካላየሁ ምን ዋጋ አለው?» ይላል። ሌላው «ከቀለለማ ያው ጌም አይደለም» ይላል። በመሀል «ጊት ጉድ» የምትባል አባባል አለች፤ በእኛ «ከከበደህ ጎብዝ!» እንደማለት ናት። በቀልድ ስትባል ታስቃለች፣ በንቀት ስትባል ግን ታቆስላለች። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ፣ ሠሪው ጌሙን የፈለገውን ያህል ማክበድ መብቱ ነው። ነገር ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ቀለም የማይለይ ወይም በአንድ እጁ የሚጫወት ሰው የሚጠይቀው ቁልፍ መቀየርና ጽሑፍ ማጉላት ክብደት ማቅለል አይደለም። ደረጃ ላይ መደገፊያ ብረት እንደ መትከል ነው፤ ደረጃው ያው ደረጃ ነው።

በሰኔ 2016 ደግሞ የኤልደን ሪንግ ተጨማሪ ክፍል፣ ሻዶው ኦቭ ዘ ኧርድትሪ ሲወጣ የባሰ ነገር ታየ። ሙያዊ ገምጋሚዎች አንቆለጳጰሱት፣ በሦስት ቀን 5 ሚሊዮን ተሸጠ፤ በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ገዢዎች ግን ስቲም ላይ የሰጡት ድምፅ ተከፋፈለ። መንቀራፈፉ ያማረረው ሰው ቢኖርም ዋናው ቅሬታ «በዛ፣ ይሄ ግፍ ነው» የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ ይህን ያሉት ለስላሳ ሰዎች አይደሉም። ወደዚያ ክፍል ለመግባት ሁለት ከባድ ጠላቶችን መግደል ግድ ነው፤ ማለትም ለዓመታት ሲሞቱ የኖሩ፣ ሞትን የለመዱ ተጫዋቾች ናቸው። ምን ተፈጠረ? አዲሱ ምድር ላይ ተበትነው የሚገኙ የበረከት ቁርጥራጮች ነበሩ፤ እነሱን እየሰበሰቡ ካልጠነከሩ በስተቀር የድሮው ጉልበት አይሠራም። ብዙው ሰው «እኔ አርበኛ ነኝ» ብሎ ቀጥ ብሎ ወደ ትልልቆቹ ጠላቶች ሮጠ፣ ተፈጨ።

ኩባንያው በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቁርጥራጮች የሚሰጡትን ጉልበት ከፍ አደረገ፤ አሳታሚው ደግሞ «በረከቱን መጠቀም አትርሱ» ብሎ ተጫዋቾቹን አስታወሰ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት። የደም ግፊት መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ «ዶክተር፣ ሕክምናችሁ አልሠራልኝም» የሚለኝ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው። ግን ተጫዋቾቹም እውነት ነበራቸው። ሰው ከባድ ነገርን የሚችለው ሚዛኑ ትክክል ነው ብሎ እስካመነ ድረስ ነው። ያ እምነት ሲሄድ ያው መውደቅ ስድብ ይሆናል፣ ቁጣ ይሆናል፣ ኮንትሮለር ግድግዳ ላይ ይከሰከሳል።

ስለ ሰውነታችን ትንሽ ልበል። ከእንደዚህ ዓይነት ጠላት ጋር ስትፋለሙ ልብ ይመታል፣ መዳፍ ያልባል፣ ትከሻ ይወጠራል። አድሬናሊን ነው፤ ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም። ነገር ግን ጌም እየተጫወተ ራሱን የሳተ ልጅ ካለ «ደንግጦ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት። በዘር የሚተላለፍ የልብ ምት ችግር ያለባቸው አንዳንድ ልጆች በጌም ስሜት ውስጥ እያሉ ወድቀው የተገኙበት ጊዜ አለ፤ ቢያንስ ኢሲጂ መነሳት አለበት። በመብራት ብልጭታ የሚቀሰቀስ የሚጥል በሽታም እንዲሁ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ዋናው ጉዳት ግን «አንዴ ብቻ ልሞክር» የምትለው ናት። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የምትባለዋ «አንዴ» አንድ ሆና አታውቅም። እጃችን አዲስ ቅልጥፍና የሚማረው በልምምዱ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በእንቅልፍም ነው። ማታ አንድ የጣት እንቅስቃሴ ተለማምደው የተኙ ሰዎች ጠዋት ላይ ያለ ምንም ተጨማሪ ልምምድ ፈጥነው የተገኙባቸው ሙከራዎች አሉ። ተጫዋቾችም ያውቁታል፦ ማታ ሠላሳ ጊዜ ያሸነፈህ ጠላት ጠዋት ፊትህን ታጥበህ ስትመጣ በሁለተኛው ይወድቃል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መታገል ለጤና ብቻ ሳይሆን ለጌሙም አይጠቅምም። በዚህ ላይ ቡና ከጨመራችሁ፣ የጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። ጫት ደግሞ እንቅልፉንም የምግብ ፍላጎቱንም አብሮ ነው የሚወስደው። እኔ ለራሴ ያወጣኋት ሕግ አለች፦ በአንድ ዓይነት ስህተት ሦስት ጊዜ ከሞትኩ ያን ቀን ጨዋታው አበቃ፤ እነሳለሁ። (መብራት ኃይልም አንዳንዴ ይህን ሕግ ያስከብርልኛል።)

አሁን ወደ ልጁ።

«እናቴ፣ እባክዎ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ብዬ እናቱን አስወጣሁና ብቻችንን ሆንን። «ስትጫወት ደስ ይልሃል?» አልኩት።

ብዙ ቆየ። «አይ። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ደስ አይለኝም። ግን እዛ ስወድቅ ማንም አያየኝም። ደግሞ ወዲያው ይጀመራል።»

የሚያወራው ስለ ጌሙ እንዳልሆነ ገባኝ። በጥቅምት የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ነበር፤ ያ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነው። ውጤቱ ጥር ላይ ሲወጣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጁ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ የሚወጣ ነበር። ሰፈር ውስጥ «ዶክተሩ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ከቤት መውጣት ተወ። ሱቅ እንኳን ሲላክ ዞሮ በጓሮ ነው የሚሄደው።

ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። ከመቶ ሰው ዘጠና ሰባቱ ወድቋል፤ ግን ዘጠና ሰባቱም እያንዳንዱ በየቤቱ፣ በየመኝታ ክፍሉ፣ «የወደቅኩት እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ተቀምጧል። ማለኒያ ላይ የሞተ ተጫዋች ያለው ነገር እነዚህ ልጆች አልነበራቸውም። አብሮ የሚስቅ አልነበረም። ሁለተኛ ሙከራውም በጥቂት ሰከንድ አይመጣም።

ቀጥዬ አንድ ሐኪም ሊጠይቀው የሚገባውን ጠየቅኩት። «መሞት አስበህ ታውቃለህ? ጌሙ ላይ አይደለም።»

«ማታ ስተኛ ባልነቃ እላለሁ። አንዳንዴ።»

«እንዴት እንደምታደርገው አስበህ ታውቃለህ?»

«አይ። እናቴን አስባለሁ።»

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ይፈራል፤ «ያላሰበውን ላሳስበው» ይላል። ተሳስታችኋል። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም፤ እንዲያውም የብዙ ሰው ትከሻ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። የዚህ ልጅም ወረደ። ኮፍያውን አወለቀ።

ታዲያ ሕመሙ የጌም ሱስ ነው ወይስ ሌላ? የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን እንደ ሕመም መዝግቦታል፤ ምዝገባው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ግን ብዙ ስለተጫወተ ብቻ ማንም ሱሰኛ አይባልም። መቆጣጠር ማቃት፣ ጌሙን ከትምህርትም ከሥራም ከሰውም ማስቀደም፣ ጉዳት እያዩም መቀጠል፣ ይህም ሕይወትን በግልጽ ሲያናጋና በአብዛኛው 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው። ይህ ልጅ ከውጤቱ በፊት በሳምንት ሁለት ቀን ተጫውቶ የሚተኛ ልጅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት የጀመረው ከጥር በኋላ ነው። ከዚያ ጋር ደስታ ማጣቱ፣ ክብደቱ፣ እንቅልፉ፣ «ዋጋ የለኝም» ማለቱ፣ ባልነቃ ማለቱ ሲደመር ሕመሙ ድብርት ነው። ጌሙ ድብርቱ የተደበቀበት ክፍል ነበር። እናቱ ያዩት ክፍሉን ነው፤ ማንም እናት የሚያየው እሱን ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ለሥነ አእምሮ ባለሙያ ባልደረባዬ ላክሁት። የንግግር ሕክምና ጀመረ፣ ፍሎክሲቲንም ታዘዘለት። (ይህ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል። ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶችን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል፤ በራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ፣ በራሳችሁም እንዳታቋርጡ።) እናቱን ግን አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ «ዕቃውን አይሽጡት። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ኮንትሮለሩን ይረከቡት፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ አብረውት ትንሽ ይራመዱ፣ ስለ ፈተናው ለጊዜው አያንሱ።» አልተዋጠላቸውም። ግን አደረጉት።

ከወር በኋላ ሲመለሱ ልጁ 2 ኪሎ ጨምሯል። ቀልድም ጨምሯል። ማለኒያ ጋ ግን አሁንም አልቻለም። «የመንፈስ አመድ ለምን አትጠቀምም?» አልኩት። ጌሙ ውስጥ በውጊያ ሰዓት አጋዥ ተዋጊ የሚጠሩበት መንገድ ነው፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

«እሱማ ማጭበርበር ነው። በመንፈስ ያሸነፈ አላሸነፈም ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው? አንተ መንፈሱን ጥራ!»

ለካ እናቱ በር ላይ ናቸው። «በስመ አብ ወወልድ! ዶክተር፣ እርስዎም?!» ብለው አማተቡ። ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ሙሉ በሙሉ ያመኑኝም አይመስለኝም።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ይህ ልጅ ጌሙ ላይም ከጌሙ ውጭም እርዳታ መውሰድ ሽንፈት ይመስለዋል። የንግግር ሕክምናውን «እኔ እብድ አይደለሁም» ብሎ ሁለት ጊዜ ቀርቶ ነበር። እናም ስለ ሂደታካ ሚያዛኪ ነገርኩት። የእነዚህ ጌሞች አባት የሚባለው ሰው ነው፤ ክብደቱን ብናቀልለው ጌሙ ይፈርሳል ብሎ የሚከራከርም እሱ ነው። ግን ራሱ ሲጫወት ጎበዝ እንዳልሆነ፣ ጌሙ ውስጥ ያለውን እርዳታ ሁሉ እንደሚጠቀም በይፋ ተናግሯል። ከባዱን ጌም የሠራው ሰው እኮ ነው!

ሌላም ነገር አለ። በእነዚህ ጌሞች ውስጥ የማታውቁት ሰው በኢንተርኔት መጥቶ ይረዳችሁና ሳይሰናበት ይጠፋል። ሚያዛኪ ይህ ሐሳብ የመጣለት በረዶ ሲጥል ዳገት ላይ ከገጠመው ነገር እንደሆነ ተናግሯል፦ መኪኖች ተይዘው ሲቆሙ የኋለኛው የፊቱን እየገፋ ተያይዘው ወጡ፤ ቆሞ ማመስገን ግን አልተቻለም፣ ከቆመ ድጋሚ ይያዛላ። የቆመ ሚኒባስ ወርዶ ገፍቶ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በ2022 ደግሞ ሌት ሚ ሶሎ ሄር በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ተጫዋች ነበር፤ ልብስ የለ፣ ጥሩር የለ፣ ራሱ ላይ እንስራ ደፍቶ ሁለት ሰይፍ ይዞ ይመጣና ማለኒያን ለሌሎች ብቻውን ይገድልላቸው ነበር። ለሺዎች እንዲህ አድርጎ አሳታሚው ኩባንያ እውነተኛ ሰይፍ ላከለት። በዚያ ሁሉ «ከከበደህ ጎብዝ» መሀል ከሁሉ የተወደደው ተጫዋች የሚያግዘው ሆነ።

ልጁ ሰምቶኝ ዝም አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከንግግር ሕክምናው አልቀረም።

ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ልጅ ካለ ዕቃውን ከመንጠቃችሁ በፊት መቼ እንደጀመረ ጠይቁት፤ ምን እየሸሸ እንደሆነ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ቀን ላይ ነው። ስንተኛው ጠላት ላይ እንደደረሰ ጠይቁት፤ አሥር ደቂቃ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ደስታ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የሥነ አእምሮ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ አሁን ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች ክፍሉ አላቸው። ስለ መሞት ካወራ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ። ያን ቀን፣ ያን ሰዓት፣ ብቻውን ሳትተዉት ውሰዱት።

ልጁ በሪሚዲያል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ባለፈው ክረምት ዕረፍት ላይ ከሌሊቱ ሳይሆን (ደስ ያለኝ እሱ ነው) ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላከልኝ፦ «ዶክተር፣ ማለኒያን ገደልኳት። በ73ኛው። ሚሚክ ቲር ጠርቼ ነው፣ አላፍርም።» ሚሚክ ቲር የጠራውን ሰው ራሱን መስሎ የሚመጣ መንፈስ ነው።

እናቱ አሁን የራሳቸውን ግፊት ለመለካት ይመጣሉ። ባለፈው ክንዳቸው ላይ መለኪያውን ሳስር ዝቅ ብለው «ያቺ ሴትዮ ሞተችልን አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እናቴ፣ ሞተች» አልኳቸው። እኔ ራሴ ገና እንዳልገደልኳት አልነገርኳቸውም።